ምግባር የጋራ ነው ወይስ የየቤቱ?

ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ መስጊድ የሚሄደውና በሲዳማ አያቶቹ እጅ ያደገው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አንድ ምግባር ሊማሩ ይገባል? በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንድ መምህርና አንዲት እናት ይሟገታሉ።

መምህሩ፦ አብረን እንማረው

የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን ለመትከል የሚወጣ ሰው የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም። በዕድሩ መዝገብ የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የጉራጌው፣ የአማራውና የኦሮሞው ስም ተከታትሎ ተጽፏል፤ መዋጮው እኩል ነው። ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አደራ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም? ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው፣ የጋራ ገንዘብ አለመንካት፣ ቃልን ማክበር የማን ሃይማኖት ምግባር ነው? የሁላችንም ነው፤ የምንኖረውም በእሱ ነው።

ፊቼ ጨምባላላን እንመልከት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ጭፈራ ብቻ አይደለም። አያንቶ የሚባሉ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማዩን አይተው ቀኑን ይቆርጣሉ፤ የጎሳ መሪዎችም ሕዝቡን ይመክራሉ። ጠንክራችሁ ሥሩ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ፣ ከስንፍናና ከልመና ራቁ ይላሉ። ይህን ምክር ለአንድ ሼኽ፣ ለአንድ ቄስና ለአንድ መጋቢ ብናነብላቸው በሐሰት መመስከርን ወይም ስርቆትን ከዝርዝሩ የሚያወጣ ከመካከላቸው ይገኛል?

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው አክሱም የገቡት ሙስሊሞች በንጉሡ ፊት ሲቆሙ፣ በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ ቃል አቀባያቸው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ አዲሱ እምነታቸው ምን እንዳስተማራቸው ዘረዘረ፦ እውነት መናገር፣ አደራ መመለስ፣ ዘመድን መጠየቅ፣ ለጎረቤት መልካም መሆን። ክርስቲያኑ ንጉሥ ይህን ሲሰማ ባዕድ ነገር የሰማ አልመሰለውም። በ16ኛው መቶ ዓመትም አባ ሚካኤል የጠቢባንን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲመልሱ፣ የግሪክ ፈላስፎች ምክር በዐረቦች እጅ አልፎ የገዳሞቻችን ንባብ ሆነ። አባቶቻችን ጥሩ ምግባር ከየት መጣ ብለው በር አልዘጉበትም።

የምዕራቡ ዓለም ሰዎችም ይህን የጋራ ምግባር ፈልገው አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በቺካጎ የተሰበሰበው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ፣ የሃይማኖት ምሁሩ ሃንስ ኩንግ ባረቀቁት ሰነድ፣ ሃይማኖቶች የሚጋሩት የምግባር መሠረት እንዳለ አውጇል። ከ11 ዓመት በኋላ ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን የታላላቅ ትውፊቶችን ጽሑፍ መርምረው ስድስት የጋራ ምግባራት ለዩ፦ ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ሰብዓዊነት፣ ፍትሕ፣ ራስን መግዛትና ከራስ በላይ ለሆነ ነገር መገዛት።

ይህን የምጽፈው በሰኔ 2010 ዓ.ም. በከተማችን፣ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በከተማችንና በሲዳማ ወረዳዎች በግጭት ሰው ሲሞትና ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲፈናቀል ስላየን ነው። ልጆቻችን አንዱ የሌላውን ደግነት የሚያውቁበት የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል። ያንን ከትምህርት ቤት በቀር ሁሉንም በአንድ ላይ አስቀምጦ የሚሰጥ ስፍራ የለም።

እናቲቱ፦ ቤት የሌለው ምግባር አይጸናም

ወንድሜ መምህር፣ ወደ ዕድሩ ድንኳን ይመለሱና እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። ምግቡ ሲቀርብ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ጾም ከሆነ የጾሙም አለ። ጸሎቱን የሚመራው የሟቹ ቤት ሰው ነው። ሙስሊሙ ጎረቤቴ የመጣው አላህ ምንዳውን እንደሚከፍለው አምኖ ነው፤ ኦርቶዶክሷ የመጣችው ሐዘንተኛን መጎብኘት ለነፍሷ ስንቅ እንደሆነ ተምራ ነው። ዕድሩ ደግነትን አላስተማራቸውም። ከየቤታቸው ይዘውት የመጡትን የሚያኖሩበት ስፍራ ሰጣቸው እንጂ።

እኔ የሲዳማ ልጅ ነኝ፤ ወንጌልንም ያመንሁ ነኝ። ስለ ሀላሌ፣ ማለትም ስለ እውነት መንገድ፣ የሰማሁት በመጽሐፍ አይደለም። አባቴ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ፣ ሁሉም በተራው ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። እዚያ ቆሞ የዋሸ ሰው ደንብ ጣሰ ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ከዘመዶቹ፣ ከሞቱት አባቶቹና ከፈጣሪው ከማጋኖ ጋር ነው የተጣላው፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ዳፋው ይደርሳቸዋል ተብሎ ይፈራል። እውነት የሚናገረው ይህ ሁሉ ስለከበበው ነው። ሶንጎውን፣ ሽማግሌውንና ፍርሃቱን አውጥተው «እውነት መናገር መልካም ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ደብተር ላይ ቢያስገለብጡ ልጁ ምን ይዞ ይቀራል?

እርስዎ የጠቀሷቸው ሁለቱ ምሁራን ከመረመሯቸው ትውፊቶች መካከል የኮንፊሽየስ፣ የታኦ፣ የቡድሃ፣ የሂንዱ፣ የአቴና፣ የአይሁድ፣ የክርስትናና የእስልምና ይገኛሉ። ከአፍሪካ መሬት የበቀለ ግን አንድም አልነበረበትም። ሀላሌን ማንም አልጠየቀውም። ታዲያ ስድስቱ ምግባራት የዓለም ሁሉ ናቸው ሲባል እንዴት ልቀበል?

እስቲ ልግስናን ብቻ እንውሰድ፤ የጋራ ነው ከሚባሉት ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነውና። በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ደጃፍ የኔ ቢጤው «ስለ ገብርኤል» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ለምእመኑ በረከት ይዞ የቆመ ሰው ነው፤ ሰጪው ምጽዋቱን ሰጥቶ፣ ተመርቆ ያልፋል። ለሙስሊሙ ዘካ ውለታ አይደለም። ገንዘቡ ልኩን ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶው የድሃው ሐቅ ነው፤ ያልከፈለ የሰው ገንዘብ ይዟል። ሳይቸግረው የሚለምን ሰው ደግሞ ይወቀሳል። በፊቼ የጎሳ መሪዎቻችን ሕዝቡን ከልመና ራቁ ይላሉ፤ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። በሲዳማ ቤት የቸገረው ዘመድ ሳይለምን ሊደረስለት ይገባል፤ ለልመና አደባባይ ከወጣ ነውሩ የዘመዶቹም ነው። እንግዲህ እነዚህ ሦስት ቤቶች አንድ ነገር ያስተምራሉ? አንዱ ለማኙን ያከብራል፣ ሁለተኛው ለድሃው ሒሳብ ያስባል፣ ሦስተኛው ማንም ለማኝ እንዳይሆን ዘመድን ይይዛል። ሦስቱን ጨፍልቆ «ለጋስ ሁኑ» የሚል መጽሐፍ ከሦስቱም የሚበልጠውን ነገር ያጠፋል።

ፈላስፋው አላስዴር ማኪንታየር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የሞገተው ይህን ነው፦ ምግባር ከወለደው ማኅበረሰብና ትውፊት ሲነቀል ስሙ ይቀራል፤ ትርጉሙ ይሸሻል። እኛም አይተነዋል። በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ልጆቻችን ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እስከ ቁጠባ፣ ከታታሪነት እስከ እውቀትን መሻት 11 እሴቶች ሸምድደዋል። በፈተና መልሰዋል። የ2010ሩና የ2011ዱ ክረምት የመጣው ያንን የተማረ ትውልድ ባለበት ነው።

ጃዕፈርን በተመለከተም ትረካው በዝርዝሩ አያበቃም። ንጉሡ ከነቢያችሁ የመጣውን አሰማኝ ባለው ጊዜ የማርያምን ሱራ ቀራለት፤ ንጉሡ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ልቡን የነካው እምነቱን ሳይደብቅ የቀረበው እንግዳ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ልጆቻችንን በሃይማኖታችንና በምግባራችን የማሳደግ መብት ለእኛ ለወላጆች ሰጥቷል።

መምህሩ ሲመልስ

እህቴ፣ ስለ ልግስና የጻፉትን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን በሦስቱም ቤቶች የራበው ሰው ሳይበላ አያድርም፤ እኔ የማስተምረው ይህን ነው። 11ዱ እሴቶች ያልሠሩት የጋራ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ ከልጅ ሕይወት የራቁ የመንግሥት ቃላት ስለነበሩ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓትን ምን ያደርገዋል? አደራ መመለስን ግን ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በየሰፈሩ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። አንዷ ጾመኛ ናት፤ ሌላዋ አይደለችም፤ ሦስተኛዋ በሌላ ቋንቋ ትጸልያለች። ሶንጎው የለም፣ አባት የለም፣ የንስሐ አባትም ሩቅ ናቸው። የቤት ኪራዩን በእኩል የሚያዋጡት፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ሥራ ቀርታ የምታስታምማት በማን ቤት ምግባር ነው? እርስዎ ስለ አንቀጽ 27 ያሉትን እቀበላለሁ፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ለሁሉም ልጅ ቆሜ የማንንም ቤት ማስቀደም አልችልም።

እናቲቱ ስትመልስ

ያችን ታማሚ የምታስታምመውን ልጅ ቢጠይቋት ስለ ስድስቱ ምግባራት አትነግርዎትም። እናቴ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ ትልዎታለች፤ ወይም እሑድ የሰማችውን ስብከት ታነሣለች። ከቤቷ ብትርቅም ቤቷን ይዛ ነው የመጣችው። አብረው የሚኖሩት ሦስቱ የሚጎድላቸው የጋራ ዝርዝር አይደለም፤ የአንዷን ቤት ሌላዋ አታውቀውም። ጾመኛዋ ለምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማትቀምስ ለሌላዋ የነገራት የለም።

አንቀጽ 90 የሚከለክለው ተጽዕኖን ነው፤ ማወቅን አይደለም። ስለዚህ የግብረ ገቡን መጽሐፍ አይተዉት፤ ግን ይለወጥ። «ለጋስ ሁኑ» የሚለው ምዕራፍ ይውጣና በምትኩ በገብርኤል ደጃፍ የሚሆነው፣ ዘካ እንዴት እንደሚታሰብና ለማን እንደሚሰጥ፣ የሲዳማ ሽማግሌዎች ልመናን ለምን እንደሚከለክሉ፣ የእኔም ቤተ ክርስቲያን ስለ አሥራት የምታስተምረው በሙሉ ይጻፍ፤ የሚያምኑበት ሰዎች እንደሚናገሩት ይጻፍ። ልጁ የራሱን ቤት በክፍሉ ፊት ይንገር፤ የጎረቤቱንም ይስማ። ፈተናም አይሰጠው፤ ምግባር በእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ሲታረም ልጆች መልሱን እንጂ ምግባሩን አይይዙም።

እርስዎ ይህ ለመምህር ከባድ ነው፣ ወላጆችም ይጣሉብናል ይሉኝ ይሆናል። ይጣሉ፤ ሽማግሌ አለ፣ ተቀምጦ መነጋገርም አለ። ለመጻሕፍት አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። እስኪመለስ ድረስ ልጄ ሀላሌን ከአያቷ፣ ወንጌልን ከእኔ ትማራለች፤ ስለ ዘካ ግን ሙስሊሙን ጎረቤቴን ራሱን እንድትጠይቅ እልካታለሁ።