ዴል ሆይ፣ ሊኑክሱን ከጓዳ አውጣው

ኮምፒውተር አምራች ደንበኞቹን «ምን ላድርግላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን የሚሉት ይመስላችኋል? ዋጋው ይቀንስ፣ ባትሪው ይቆይ፣ ስንደውል ስልኩን ቶሎ አንሱልን... እኔ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ዴል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ግን ከፊት ተሰልፎ የጠበቀው መልስ ሌላ ነበር፦ ሊኑክስ ጭናችሁ ሽጡልን! (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ጊዜውም ጊዜ ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የተለቀቀው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 30 ነው። በማግስቱ ማይክል ዴል በስሙ ወደሚጠራው ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ተመለሰ። ኩባንያው የዓለም አንደኝነቱን በኤችፒ ከተነጠቀ ገና ወራት መቆጠራቸው ነው፤ ስለዚህ ደንበኛ የሚለውን ለመስማት ጆሮው ክፍት ነበር። ማርች ላይ ስለ ሊኑክስ መጠይቅ ቢበትን ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሞላው። ሜይ 24 ላይ ደግሞ ኡቡንቱ የተጫነባቸው ሦስት ማሽኖች ለአሜሪካ ገበያ ቀረቡ፦ ኢንስፓይሮን ላፕቶፕና ዳይሜንሽን ዴስክቶፕ ከ599 ዶላር፣ ኤክስፒኤስ ዴስክቶፕ ከ849 ዶላር ጀምሮ። ኦገስት ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ተከተሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። አንድ ትልቅ አምራች ሊኑክስ ጭኖ መሸጥ አለበት ወይስ የለበትም? እኔ አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን የሊኑክስ ወዳጆች ሁልጊዜ የሚደረድሩት አይደለም። ነፃነት፣ ወንድማማችነት፣ የማይክሮሶፍት ክፋት... ይህን ሁሉ እየደጋገሙ ሰው ያሰለቹት እነሱው ናቸው።

መጀመሪያ ግን አምራቾቹ ለምን እንደዚያ ይፈሩ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ «ገበያው ስለሌለ ነው» የሚለውን መልስ እንደ ወረደ እንቀበለዋለን። እስከ 1994 ድረስ ማይክሮሶፍት ከብዙ አምራቾች ጋር የነበረው ውል አስገራሚ ነው። አምራቹ የሚከፍለው ማሽኑ ላይ የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ስለጫነ ሳይሆን ማሽኑን ስለሸጠ ነበር። ሌላ ሲስተም ብትጭን እንኳ ለማይክሮሶፍት ትከፍላለህ። እንግዲህ ለማትበላው ምሳ እየከፈልክ ሌላ ምሳ ትገዛለህ ወይ? የአሜሪካ መንግሥት ይህን ውል ያስቀረው በ1994ቱ ስምምነት ነው። የአይቢኤም ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አይቢኤም ኦኤስ/2 የሚባል የራሱ ሲስተም ስለነበረው ከማይክሮሶፍት ጋር ተቃቅሮ ነበር፤ በፍርድ ቤት እንደተረጋገጠው፣ የዊንዶውስ 95 ፈቃድ የተሰጠው ምርቱ በይፋ ሊመረቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን ይህንን በ1999 የፍሬ ነገር ውሳኔያቸው ላይ አስፍረውታል። ይህን ያየ ሌላ አምራች ምን እንደሚማር ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

ስለዚህ ዴል በ2007 ያደረገው ድፍረት ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። ግን ድፍረቱ ግማሽ ነበር። ማሽኖቹ የተቀመጡት ለብቻቸው በተሠራ ገጽ ላይ ነው። አድራሻውን የሚያውቅ ያገኛቸዋል፣ ላፕቶፕ ፍለጋ እንዲሁ የገባ ሰው ግን ቪስታን አይቶ ቪስታን ገዝቶ ይወጣል። ዕቃህን ጓዳ ደብቀህ «ፈላጊ ጠፋ» ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። ሊኑክስ ተጭኖ መሸጡን የሚቃወሙ ሰዎች አንድ የማይናቅ ማስረጃ አላቸው፤ ኔትቡክ ይባላል። አስታወሳችኋት? አሱስ በ2007 መጨረሻ ላይ ኢኢ ፒሲ የምትባል ባለ 7 ኢንች ስክሪን ሚጢጢ ላፕቶፕ አወጣ። ሊኑክስ ነበረች፣ ርካሽም ነበረች፣ ተቸበቸበች። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ በ2008 የኤምኤስአይ ኃላፊ ብቅ ብሎ የሊኑክሶቹ ኔትቡኮች ከዊንዶውሶቹ በአራት እጥፍ እየተመለሱብን ነው አለ። ሰው ገዝቶ ቤቱ ይገባል፣ ይከፍታል፣ የሚያውቀውን ነገር ያጣል፣ መልሶ ያመጣል። ማይክሮሶፍትም ሊያሰናብተው የነበረውን ኤክስፒን ለእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች ብሎ ዕድሜውን አራዘመለት፤ ገበያውን ጠቅልሎ ለመውሰድም ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ይህን ማስረጃ ብዙ የሊኑክስ አፍቃሪዎች በጎን ያልፉታል፤ እኔ አላልፈውም። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የገዙት «ትንሽ ላፕቶፕ» ነበር፣ የተሰጣቸው ደግሞ የማያውቁት ነገር ነው፤ ሻጩም አልነገራቸውም፣ ካርቶኑም አልነገራቸውም። ከዚህ የምረዳው ሊኑክስ በርካሽነቱ ብቻ ሲሸጥ ገዢው እንደሚቀየም ነው። ለአንድ ሰው ጤፍ ነው ብለህ ሳይሆን ዝም ብለህ የዳጉሳ እንጀራ ብታቀርብለት ዳጉሳው መጥፎ ስለሆነ አይደለም የሚቆጣው። የኔትቡክ ታሪክ እንዴት መሸጥ እንደሌለበት ይነግረናል፤ መሸጥ እንደሌለበት ግን አይነግረንም።

ታዲያ አምራቹ ራሱ ቢጭነው ምን ይጠቅማል? ማንም ሰው በነፃ አውርዶ መጫን ይችል የለ እንዴ?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሊኑክስን ራሱ ጭኖ የሚያውቅ ሰው የዋይፋይን መከራ ያውቃል። ሲስተሙ ይገባል፣ ስክሪኑ ያምራል፣ ኢንተርኔቱ የለም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ይህ የሚሆነው ሊኑክስ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ቺፑን የሠራው ኩባንያ ለሊኑክስ ድራይቨር ስላልጻፈ፣ ሌላው ሰው እንዲጽፍለትም መረጃውን ስላልሰጠ ነው። እኔና እናንተ ለቺፕ ሠሪው ደብዳቤ ብንጽፍ አይመልስልንም። ዴል ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ቺፕ ይገዛል። ዴል «ይህ ነገር በሊኑክስ ካልሠራ ከሌላ እገዛለሁ» ሲል ድራይቨሩ ይጻፋል።

ይህ እንዲሁ ምኞት አይደለም፤ ታይቷል። በ2012 ዴል ውስጥ ጥቂት ሰዎች 40 ሺህ ዶላርና ስድስት ወር ተሰጥቷቸው «ፕሮጀክት ስፑትኒክ» የሚባል ሥራ ጀመሩ። ዓላማቸው ኤክስፒኤስ 13 ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ያለ ጣጣ እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ራስ ምታት ከሆኑባቸው ነገሮች አንዱ ታችፓዱ ነው፤ ድራይቨሩ ተሠራ፣ ሥራውም ለሁሉም ክፍት ሆነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ላፕቶፑ ገበያ ወጣ። ልብ በሉ፣ 40 ሺህ ዶላር ለዴል ማለት ለሻይ የሚሰጥ ጉርሻ ነው። በ2015 ደግሞ ዴል የማሽኖቹን ፈርምዌር በቀጥታ ከሊኑክስ ላይ ማደስ የሚቻልበትን አገልግሎት ከተቀላቀሉት ቀደምት ትልልቅ አምራቾች አንዱ ሆነ። ከዚያ በፊት ባዮስ ለማደስ ብቻ ብሎ ዊንዶውስ የሚጭን ሰው ነበር (እውነቴን ነው)።

ይህ ሁሉ ታዲያ ለአዲስ አበባ ልጅ ምኑ ነው የምትሉኝ አትጠፉም። እዚህ ነገሩ ይለያል፤ መለየቱንም መደበቅ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ የሊኑክስ ትልቁ መከራከሪያ ዋጋ ነው፤ ለዊንዶውስ አትከፍልም። ጣሊያን ውስጥ አንድ ገዢ ያልፈለገው ዊንዶውስ 42 ዩሮ እንዲመለስለት ሌኖቮን ከሶ ነበር። ሌኖቮ አልመልስም ብሎ ይግባኝ ቢል የሞንዛ ፍርድ ቤት በ2020 ይግባኙን ውድቅ አድርጎ 20 ሺህ ዩሮ ክፈል አለው። (በነገራችን ላይ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2016 በሌላ ጉዳይ፣ ሶፍትዌር ጭኖ መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም ብሏል። ሁሉም ፍርድ ወደ አንድ ወገን አላጋደለም።) እኛ ጋ ግን ለዊንዶውስ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? ፎርማት የሚያደርግልን ልጅ በፍላሹ ይዞት ይመጣል፣ የሚከፈለውም ለእጁ ነው። ነፃ ነገር ከነፃ ነገር ጋር ሲወዳደር የለመዱት ያሸንፋል። ስለዚህ «ሊኑክስ እኮ ነፃ ነው» የሚለው ስብከት እዚህ ከተማ ሰሚ የለውም፤ ባይኖረውም አይገርመኝም።

እኛን የሚነካን ሌላው ነው። ተማሪውና ጀማሪ ሠራተኛው እዚህ የሚገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ማስታወቂያዎቹን አይታችኋል፦ ዴል ላቲትዩድ፣ ኮር አይ5፣ 6ኛ ጄነሬሽን፣ «ምንም አይልም»። ዕቃው በእርግጥም ምንም አይልም፤ ማይክሮሶፍት ግን ይላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ጄነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። በጓሮ በር የሚያስገቡ ዘዴዎች አሉ፤ የጓሮ በር ግን በሚቀጥለው ዝመና ቢዘጋ ማንን ትከሳለህ? ሰላም ያለው ማሽን በሥርዓት የሚታደስ ሲስተም አጣ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ማሽን ሊኑክስ ትክክለኛ መልስ ነው፤ መልሱ የሚሠራው ግን ያ ላቲትዩድ አዲስ ሳለ ዴል ለሊኑክስ አስቦበት ከነበረ ነው። ቴክሳስ ውስጥ «ለዚህ ሞዴል ሊኑክስ እንፈትሽለት ወይስ ይቅር?» ተብሎ የተወሰነው ነገር ከዓመታት በኋላ እዚህ ዋይፋዩ ይሠራል አይሠራም ሆኖ ይመጣል። ከውሳኔው ራቅን እንጂ ከውጤቱ አላመለጥንም።

ለሁሉም ሰው ሊኑክስ ይሁን እያልኩ አይደለም። አካውንታንት ጓደኛዬን ፒችትሪን ትተሽ ኡቡንቱ ጫኚ ብላት ሥራዋን ልቀቂ እንደማለት ነው። አርክቴክቱም ያለ አውቶካድ አይሆንለትም። በየመሥሪያ ቤቱ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ የተከማቸው ሰነድ ደግሞ ዩኒኮድ ስላልሆነ ሌላ ሲስተም ላይ ሲከፈት የጉድ ፊደል ይሆናል። በሌላ በኩል ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ የሚጻፈው ነገር ሊኑክስ ላይ ችግር የለበትም፤ አቢሲኒካን የመሰለ ውብ ፎንት በነፃ ይገኛል። መመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍ፣ ፊልም የሚያይ፣ ኮድ የሚማር፣ አሳሽ ከፍቶ የሚውል ሰው ብዙ የሚያጣው ነገር የለም። እና አብዛኞቻችን አሳሽ ከፍተን የምንውል ነን፣ እንተዋወቅ።

ዛሬ ዴልም ሌኖቮም ሊኑክስ የተጫነባቸውን ማሽኖች ይሸጣሉ፤ ሌኖቮ በ2020 ፌዶራ የተጫነባቸውን ቲንክፓዶች ጀምሯል። ሆኖም አብዛኞቹ «ለሶፍትዌር ገንቢዎች» የሚል ታፔላ ተለጥፎባቸው፣ ውድ ሞዴሎች ላይ ብቻ ተወስነው ነው። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ርካሹ ላፕቶፕ ላይ ለምን አይሆንም? ነገ ያረጀና የሚሸጥ፣ ተሸጦም እኛ ጋ የሚደርስ እኮ እሱ ነው። «ተራው ሰው አይፈልገውም» የሚለውንም ከ2022 ጀምሮ ስቲም ዴክ አፍርሶታል። ጌም የሚጫወት ልጅ ሊኑክስ መሆኑን ሳያውቅ፣ ማወቅም ሳያስፈልገው ይጫወትበታል። ሌኖቮ በ2025 ተመሳሳዩን የእጅ ጌም ማሽን በስቲም ሲስተምና በዊንዶውስ አድርጎ ሲያወጣ የሊኑክሱ ዋጋ ከዊንዶውሱ ያነሰ ነበር። ይቻላል ማለት ነው።

ለላፕቶፕም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ ገጽ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ምርጫ፤ አጠገባቸው የየራሳቸው ዋጋ፣ ከሥራቸው ደግሞ ሊኑክስ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በሁለት መስመር። ፒችትሪ አይሠራም ተብሎ ይጻፍ። የፈለገ ይግዛው፣ ያልፈለገ ዊንዶውሱን ይውሰድ። ማንም የማይገዛው ከሆነም ዕቃው መደርደሪያው ላይ ታይቶ ይቅር፤ ያኔ እኔም አፌን እይዛለሁ።