ለጋዛ ያለቀሰ ዓይን ጎፋን አይዝለል



ከመስከረም 2016 መጨረሻ ጀምሮ ጋዛ ከኹጥባችን ተለይታ አታውቅም። ኢማሙ ለቁኑት እጁን ሲያነሳ ሶፉ በሙሉ «ኣሚን» እያለ ያነባል። በሚያዝያ 2015 የተቀጣጠለው የሱዳን ጦርነትም ወገኖቻችንን ከቤታቸው አፈናቅሎ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን አስገብቷቸዋል። ለነዚህ ሁሉ ዱዓ ማድረግና በአቅም መድረስ ግዴታችን ነው። «የሩቁን ተዉት» የሚለንን ሰው አንሰማውም። ሙእሚን በሙእሚን ሕመም እንደሚታመም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። እንባችን ባሕር ተሻግሮ ፍልስጤም ከደረሰ፣ ከሶዶ ተነስቶ ሳውላ መድረስ ለምን ያቅተዋል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 የሆነውን እናስታውስ። በጎፋ ዞን፣ በጌዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደ፤ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አብረው ወጡ። ማሽን አልነበረም፤ በአካፋና በባዶ እጅ ጭቃውን ሲቆፍሩ ተራራው ዳግም ተንዶ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ናቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ደግሞ በኛው በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ መሬት ተንዶ ሰው ጨረሰ።

እኛ በዱቦ ልጆች የምናስቀራ ሰዎች ነን። ይህን የምንጽፈው ከዚያ ወዲህ በየመስጂዱ ደጃፍ ደጋግመው የሚነገሩ ሦስት ሰበቦች ስላሉ ነው። አንድ በአንድ መልስ ልንሰጣቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ሰበብ «የኛ ሰዎች አይደሉም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ይመልከት። ከየመን የመጣ ነጋዴ መካ ላይ ሸቀጡን ሸጦ ዋጋውን በተከለከለ ጊዜ፣ የቁረይሽ ሰዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ለተበደለ ሁሉ ሊቆሙ ቃል ተጋቡ። ሒልፉል ፉዱል የተባለው ይህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት በዚያ ቃል ኪዳን ተገኝተዋል፤ ነቢይ ከሆኑ በኋላም አመስግነውታል፤ ዛሬም ቢጠሩበት እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ቃሉን የተጋቡት ሙስሊሞች አልነበሩም፤ የተበደለውም ሰው ሃይማኖቱ አልተጠየቀም።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አገር እናንሳ። የመካ ስደተኞች ወደ ሐበሻ ሲመጡ የተቀበላቸው ነጃሺ ያኔ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው «ሰዎቹን አስረክበን» ሲሉት እምቢ አለ። እኛ የዚያ ውለታ ልጆች ነን። ዱቦ ላይም ቢሆን ልጃችን ሲያተኩሰው፣ እናቶቻችን ምጥ ሲይዛቸው የምንሮጠው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወዳቆመችው ሆስፒታል ነው። ታክመን የዳንን ሰዎች፣ የጎረቤታችን ቤት ሲናድ «የኛ አይደለም» ካልን ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

ሁለተኛው ሰበብ «እኛ ራሳችን ተበዳዮች ነን፤ መጀመሪያ የኛ ይሰማ» የሚለው ነው። በደሉ እውነት ነው፤ አንክደውም። በ2015 በሸገር ከተማ መስጂዶቻችን ፈርሰዋል። በ2017 ነጃሺ ስደተኞችን ባስጠለለባት በአክሱም አገር እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ተከልክለዋል። ይህን መቃወማችንን ለአንድ ቀንም አናቆምም። ነገር ግን በደል የቀመሰ ሰው የሌላውን በደል ፈጥኖ ማወቅ ነበረበት። በ2004 ከአወሊያ ግቢ «ድምፃችን ይሰማ» ስንል የጠየቅነው ፍትሕን ነበር። ፍትሕ ደግሞ ለአንድ ወገን ብቻ ተቆርጦ የሚሰጥ ሥጋ አይደለም። ለራሱ ብቻ ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ድርሻውን ነው። የኛ ጩኸት ክብደት የሚኖረው ድምፅ የሌለውን ገበሬ ጩኸትም ሲጨምር ነው። «ሕዝቡ በገደል ሥር ሲኖር ማን አስጠነቀቀው? የተፈናቀለውስ የት ሰፈረ? ቃል የተገባለት ደርሶታል ወይ?» ብሎ በሰላም መጠየቅም እርዳታ ነው፤ እኛም ሰልፍና አቤቱታ የምናውቅ ሕዝብ ነን።

ሦስተኛው ሰበብ «ድሆች ነን፤ ምን አለን?» የሚለው ነው። ወላይታ ችግርን ከመጽሐፍ አይደለም የተማረው። የበልጉ ሰብል ሳይደርስ፣ ምድሩ ለምልሞ ሳለ ሆድ ባዶ የሚያድርበትን «አረንጓዴ ረሃብ» ያውቀዋል። ግን በዚያ ወር እንኳ ያለው ስኳር ድንቹን ለሌለው ሲያካፍል አይተናል። አላህ (ሱ.ወ) የሚጠይቀን ካለን ነገር ነው። ሱረቱል ማዑንን ሕፃናቶቻችን ገና በልጅነታቸው ይሐፍዙታል። በዚያች አጭር ሱራ የተወቀሱት እየሰገዱ ትንሿን የቤት ዕቃ እንኳ ለጎረቤት የሚነፍጉ ናቸው። አካፋ ትንሽ ዕቃ ናት። ሐምሌ 15 ቀን ግን ከአካፋ በላይ የተፈለገ ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በስልክ የተላከልንን የሬሳ ምስል ለሌላ ማስተላለፍ እርዳታ አይደለም። የሟችን ክብር ይነካል፤ የላኪውን ልብ ያረጋጋል፤ ጭቃው ሥር ላለው ግን አንድ ጣት አያነሳለትም።

ስለዚህ ለየመስጂዱ ጀመዓ ሦስት ጥሪ እናቀርባለን።

አንደኛ፦ በየጁሙዓው ለአደጋ ጊዜ ብቻ የሚውል የሰደቃ ሳጥን ይኑረን። ዘካ የራሱ ሸርጥና የራሱ ተቀባዮች አሉት፤ ከርሱ ጋር አይቀላቀል። ሰደቃ ግን ሙስሊም ላልሆነም ችግረኛ እንደሚሰጥ ዑለማዎቻችን አስተምረውናል። ገቢና ወጪው በጀመዓው ፊት ይነበብ።

ሁለተኛ፦ የመስጂዱ ሽማግሌዎች ከአካባቢው እድሮች ጋር ከአሁኑ ይነጋገሩ። አካፋ፣ ገመድ፣ ቃሬዛና ብርድ ልብስ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚጠራ ክረምት ሳይገባ ይታወቅ። በአደጋ ቀን መተዋወቅ ረፍዷል።

ሦስተኛ፦ ወጣቶቻችን መርዳትን ይማሩ። የጎፋ ጀግኖች ያለቁት በሁለተኛው ናዳ ነው። መሬት ከተናደ በኋላ ከላይ ያለው አፈር ገና አልረጋም። ስለዚህ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ተራራውን ይጠብቅ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ፤ ዝናቡ ካላባራ ሴቶችና ሕፃናት ከተዳፋቱ ሥር ይራቁ። ኮረብታው ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ ወይም ምንጩ በድንገት ከደፈረሰ ለቀበሌው ይነገር፤ ሰዉም ቶሎ ይውጣ። ነፍስን መጠበቅ ከዲናችን ዓላማዎች አንዱ ነው፤ የረጂውም ነፍስ ነፍስ ናት።

ለጋዛ የምናደርገው ዱዓ ይቀጥላል፤ ለሱዳን የምንዘረጋው እጅ አይታጠፍም። ጎፋና ኪንዶ ዲዳዬ ግን ከዚያ ዱዓ አይጣሉ። በቀጣዩ ጁሙዓ ሳጥኑ በሶፉ መካከል ሲያልፍ ማንም «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅ።

አላህ ሆይ! ለተበደሉት ሁሉ ድረስ፤ እኛንም የመድረሻህ ሰበብ አድርገን። ኣሚን።

አላሁ አክበር!

ከዱቦ፣ ወላይታ