ሙከራው ሳያልቅ ግንባታው አይጀመር

ለአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር የድንጋይ ከሰል ምርምር ኃላፊዎች

ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ካርቦን ለመቀነስ የሚደረገውን ምርምር እደግፋለሁ። በዚህች አገር ግብር እየከፈልኩ የምኖር መሐንዲስ ነኝ፤ ቢሳካ ደስታውን አልችለውም። የሚያንገበግበኝ የምትሠሩበት መንገድ ነው።

ሚሲሲፒ፣ ኬምፐር ካውንቲ በእናንተም የገንዘብ ድጋፍ የተሠራውን ማመንጫ አስታውሱ። ሊግናይት የሚባለውን እርጥበት የበዛበትን ከሰል አድርቆና ፈጭቶ ወደ ጋዝ ለመለወጥ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱም 65 በመቶውን ለይቶ ለማስቀረት የታሰበ ነበር። ቴክኖሎጂው አላባማ ውስጥ ዊልሰንቪል ባለ አነስተኛ ጣቢያ ለዓመታት ተሞክሯል። ከዚያ ግን በቀጥታ 582 ሜጋዋት ወደሚያመነጭ ግዙፍ ፋብሪካ ተዘለለ፤ ንድፉም ሳያልቅ ቁፋሮው ተጀመረ። ንድፍ ግንባታን ከኋላ ሲከተል ምን እንደሚመጣ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ትናንት የተበየደው ቧንቧ ዛሬ ይቆረጣል፣ የተተከለው ይነቀላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ያልቃል የተባለው ሥራ ከ7 ቢሊዮን አለፈ። በ2017 ትኩሱን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ክፍል ቱቦዎች ማፍሰሳቸው ታወቀ። በዚያው ዓመት ከሰሉን ወደ ጋዝ መለወጡ ቆመ፤ በ2021 የጋዝ መለወጫው ግንብ በፈንጂ ፈረሰ። ማመንጫው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ስህተቱ የኬምፐር ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2021 ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። ካርቦን ለማስቀረት ለታቀዱ 8 የከሰል ፕሮጀክቶች ወደ 684 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ፣ ተገንብቶ ሥራ የጀመረው ቴክሳስ ያለው ፔትራ ኖቫ ብቻ ነው። እስከ ዓመት ይወስድ የነበረው የውል ድርድር ከ3 ወር ባነሰ ጊዜ እንዲያልቅ ተደርጓል። የተቀመጠላቸውን ደረጃ ያላሟሉ ፕሮጀክቶችም በበላይ ትእዛዝ ገንዘብ ሲፈስላቸው ቆይቷል። ይህ ምርምር አይባልም!

ፔትራ ኖቫንም ቢሆን በሙሉ ዓይን እንየው። ካርቦኑን የሚይዘው መሣሪያ ኃይል የሚያገኘው ጎኑ ከተተከለ የጋዝ ማመንጫ ሲሆን፣ የዚያ ጭስ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይወጣል። 90 በመቶ ያዝን ስትሉ ይህንንም አብራችሁ ቁጠሩ።

በአነስተኛው ጣቢያና በግዙፉ ፋብሪካ መካከል ያለ መካከለኛ ሙከራ በሁሉም ወቅት ያለማቋረጥ ሠርቶ ሳይታይ የግንባታ ገንዘብ አትልቀቁ። ድርድሩ የሚጠይቀውን ጊዜ ያግኝ፤ ደረጃውን ያልጠበቀው ይቁም። እንደ ኬምፐሩ ያፈሰሱ ቱቦዎች ምርመራ ውጤትም ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት ይሁን፤ የተከፈለበት በእኛ ገንዘብ ነው።

አንድ ግብር ከፋይ