«ሐሳብ አታብዛ» መድኃኒት አይደለም!

ወገኖቼ፣ በዚህ በናይሮቢ ስደት እንደ «ሐሳብ አታብዛ» የረከሰ ምክር የለም። እንቅልፍ ላጣው፣ ምግብ አልወርድ ላለው፣ ከፍራሽ መነሳት ላቃተው ሁሉ ይታደላል። ክሊኒክ ሲሄድም «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ተብሎ ይመለሳል። ጭንቀት «ምንም» የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የደም ሥራችን ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር እያመነጨ የደም ሥሩን ያላላዋል፤ ደምም እንደ ልብ ያልፋል። ይህ ሥራ ሲጓደል የደም ሥር በሚገባው ልክ አይሰፋም። ብዙ የልብ ሕመም መንገዱን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ በሽታ የሌለባቸውን ወጣቶች መርምረው ነበር። ድባቴ ያለባቸው ወጣቶች የደም ሥር በደንብ አልሰፋም። ከእነሱም መካከል ባለፉት 24 ሰዓታት ጭቅጭቅ ወይም የሥራ ጣጣ የገጠማቸው ባሰባቸው። ድባቴ በሌለባቸው ላይ ግን ያው የቀን ውጣ ውረድ ይህን አላደረገም።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ «ነገ ልብህ ይቆማል» አላለም። ግን «ሁላችንም ተጨንቀናል፣ እኛ ችለን የለ?» ለሚሉ መልስ አለው። ያው ቀን በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም!

አሁን የእኛን አንድ ቀን ቁጠሩ። ጠዋት አከራይ በር ያንኳኳል። ቀን ፖሊስ «ኪፓንዴ!» ብሎ ያቆማል። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተሰልፈን «ሌላ ጊዜ ተመለስ» እንባላለን። ማታ ደግሞ ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል፤ «እነ እገሌ አሜሪካ ገቡ፣ አንተስ ምን ትሠራለህ?»

ቤተሰቦቻችን፣ አትቀየሙን። ችግራችሁን እናውቃለን። ግን ከገንዘቡ በፊት «እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?» በሉን።

ቢሮዎች፣ ቀን ቁረጡ፤ የቆረጣችሁትንም አክብሩ። ያለ ቀጠሮ ማንከራተት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሰው ያሳምማል።

ክሊኒኮች፣ «ጭንቀት ነው» ካላችሁ አክሙት! ደም ግፊቱን ለኩ፣ ስለ ድባቴው ጠይቁ። ደረቱን የሚያመውን ሰው ሳትመረምሩ አትመልሱ።

እኛም እርስ በርሳችን «ሐሳብ አታብዛ» ማለት ይብቃን። «ና፣ አብሬህ ልሂድ» እንበል። ይህን ለሚያስፈልገው አድርሱልኝ።