መኪና ከመታጠቡ በፊትና ከታጠበ በኋላ ስለ መመርመር

አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ሲረከብም ሲያስረክብም በዓይኑ አይቶ፣ በቍጥር አረጋግጦ ሊሆን እንደሚገባው በኢትዮጵያ ከጥንት የታወቀ ሥርዓት ነው። ቄሰ ገበዝ ሲለወጥ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት አንድ በአንድ ተቆጥሮ በመዝገብ ይጻፋል። ይህም ቆጠራ ለተሰናባቹ ምስክር፣ ለተተኪው መነሻ ይሆናል እንጂ ማንንም አያሳፍርም። የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊም ያለ ርክክብ ቍልፍ አይቀበልም። ዳሩ ግን በብዙ ገንዘብ የተገዛ የመንግሥት መኪና ለእጥበት ሲሰጥ ይህ መልካም ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሾፌሩ ቍልፉን ለአጣቢው ጥሎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ ሲመለስም የቀለሙን ማንጸባረቅ ብቻ አይቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ ይነዳል። መኪናው ሲገባ ምን እንደ ነበረ፣ ሲወጣም ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ማንም የለም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ለሕዝቡ ታላቅ ትንግርት ነበር። ዛሬ ግን መኪና በየወረዳው ሕመምተኛ የሚያመላልስ፣ መድኃኒት የሚያደርስ፣ ሹሙን ወደ ባላገሩ የሚያቀርብ የዕለት መሣሪያ ሆኗል። በተለይም እንደ መንዝ ባለ ደጋ አገር የአንድ መኪና መበላሸት የብዙ ሰው ጉዳይ መቅረት ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ጓሳ የሚወጣ መኪና ዳገቱን፣ ውርጩንና ጉሙን ይታገላል፤ በክረምት ጭቃውን፣ በበጋ አቧራውን ተሸክሞ ይመለሳል። እንዲህ ያለው መኪና መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን ደርሶ ላቫጆ በገባ ጊዜ የሚደረግለት ነገር ጌጥ ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

ምርመራው ስለ ምን ሁለት ጊዜ መሆን እንዳለበት የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ግልጽ ነው። እድፍ የሚገልጠው ነገር አለ፤ እድፍ የሚሸፍነውም ነገር አለ። አንዱ ምርመራ የሚያየውን ሌላው አያየውም።

ያልታጠበ መኪና ብዙ ይመሰክራል። በሞተሩ ሥር፣ በካምቢዮው አጠገብ፣ ወይም በጎማው ውስጠኛ ጎን አቧራው በዘይት ርሶ ጠቍሮ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በዚያ አካባቢ ዘይት የሚያፈስ ነገር መኖሩን ያመለክታል። በራዲያተሩ ፊት ሣርና ገለባ ተጠቅጥቆ ቢታይ ሞተሩ በዳገት ላይ ስለ ምን እንደሚግል ያስረዳል። የውኃው ኃይል ይህን ሁሉ ምልክት በጥቂት ደቂቃ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ መካኒኩ በሽታውን ቢፈልግ፣ ሕመምተኛው ምልክቱን ደብቆ እንደ ቀረበለት ሐኪም ይሆናል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለእንዲህ ያለው ቸልተኝነት ነው።

የታጠበው መኪና ደግሞ በበኩሉ ሌላ ነገር ይገልጣል። ጭቃ ሸፍኖት የነበረው የባሌስትራ ስንጥቅ፣ የላላው ብሎን፣ የተላጠው የፍሬን ቱቦ፣ ድንጋይ የመታው የነዳጅ ታንከር ዳር የሚታየው ብረቱ ሲጠራ ነው። ነገር ግን ውኃው ሳይደርቅ የሚደረግ ምርመራ ያታልላል፤ የረጠበ ቀለም ጭረቱን ደብቆ ያበራልና። ስለዚህ መኪናው ከደረቀ በኋላ፣ በቀን ብርሃን መታየት አለበት። በማግሥቱም ጧት የቆመበት መሬት ሊመረመር ይገባል፤ በንጹሕ መኪና ሥር የተገኘች አንዲት የዘይት ጠብታ የመነሻዋን ስፍራ ያለ ብዙ ድካም ታሳያለች።

እጥበቱ ራሱ ጉዳት የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። በኃይል የሚረጭ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ከገባ መብራት ወይም የሞተሩን ማስነሻ ያሰናክላል። የረጠበ ፍሬንም ኃይሉን ለጊዜው ያጣል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሾፌር ከላቫጆ እንደ ወጣ በሜዳ ላይ በዝግታ እየነዳ ፍሬኑን ደጋግሞ ይሞክራል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቍልቍለት የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር እንደ ትርፍ ነገር አይቈጥረውም። በዓመት አንድ ጊዜ ተመርምሮ የሚሰጠው ቦሎም ቢሆን መኪናው በምርመራው ቀን የነበረውን ሁኔታ ይመሰክራል እንጂ በየሳምንቱ ለሚደርሰው ነገር ዋስ አይሆንም።

ከብረቱ ጉዳይ ይልቅ የሚከብደው ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። መኪናው ከታጠበ በኋላ ስኮርታ ጎማው ጠፋ፣ ክሪኩ የለም፣ ስፖኪዮው ተሰንጥቋል የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ በጽሑፍ የተያዘ ማስረጃ ከሌለ ጥፋቱ በአቅመ ደካማው ላይ መውደቁ አይቀርም። የሚጠረጠረው በባዶ እግሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚሠራው ጕልማሳ ነው፤ የቀን ዋጋውንም ሊያጣ፣ ስሙም በሌብነት ሊነሣ ይችላል። አለዚያም ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ላበላሸው ነገር ሾፌሩ ከደመወዙ ይከፍላል። በሌላ ወገን እውነተኛው አጥፊ የማስረጃውን መጥፋት መሸሸጊያ ያደርገዋል። እንግዲህ ምርመራው በሰው ላይ ጥርጣሬ ለመጣል የሚደረግ አይደለም፤ ንጹሑን ከሐሰት ክስ የሚያድን፣ አጥፊውንም ከማመካኛ የሚከለክል ነው።

ለመንዝ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ትምህርት ሊሆንበት አይችልም። የጓሳ መሬት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው በዚሁ ዓይነት ማስተዋል ነው። አቅኚ አባቶች ከተባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለ መብቶች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት መሬቱን ለብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴም ለሦስትና ለአምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር። አለቆቹ የጓሳው ሣር ለቤት ክዳንና ለልዩ ልዩ ጥቅም መድረሱን ሳይመለከቱ የመክፈቻውን ቀን አያውጁም፤ ክረምቱም ሲቃረብ መሬቱ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ኋላ መሬቱን በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር መልሶ አቋቁሞታል። ሳያዩ አለመክፈት፣ ሳያዩም አለመዝጋት ጓሳን ለልጅ ልጅ ያተረፈ ጥበብ ነው። ለሣር የተደረገው ጥንቃቄ ለመኪና ቢደረግ የሚበዛ አይሆንም።

ጓሳን በሚመለከት አንድ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ከዚያ ደጋ የሚፈልቁት ምንጮች ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። በዓለም ላይ ቍጥሩ 500 ያህል ብቻ እንደ ሆነ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም ከሚኖርባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ጓሳ ነው፤ ጭላዳም በመንጋ ይሰማራበታል። ስለዚህ መኪናን በጓሳ ምንጭ ዳር አቁሞ ዘይትና ሳሙና ወደ ውኃው መልቀቅ ታላቅ ጥፋት ነው። መኪናው ሊታጠብና ሊመረመር የሚገባው ወደ ጓሳ ሳይወጣ በከተማ ነው። በጎማና በሻንሲ ላይ የተጣበቀ ጭቃ የአረም ዘር ይዞ ከአገር ወደ አገር እንደሚዞር የታወቀ ነው። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ግዛት ፓርቴንየም የተባለው አረም እንዳይዛመት መኪና የሚታጠብበት ስፍራ ተሠርቷል፤ ከታጠበም በኋላ ዘር ተሸሽጎ እንዳይቀር ሥሩ ሁሉ ይመረመራል። ይኸው አረም በሰሜን ሸዋ ቆላ የሚያርሰውን ገበሬ አስቸግሯል። እርሱ የሚስማማው ከጓሳ ውርጭ ይልቅ ሙቀት ያለው አገር ቢሆንም፣ ውርጭ የሚችል ሌላ መጤ ዘር በመኪና ጭቃ ተጭኖ ላለመውጣቱ ከጥንቃቄ በቀር ሌላ ዋስ የለም።

ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሁለት ቅጅ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በእርሱም ላይ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሰሌዳው ቍጥር፣ በክሩስኮቱ ላይ የሚነበበው ኪሎ ሜትርና የነዳጁ መጠን ይጻፍ። ቀጥሎ ሾፌሩና አጣቢው አብረው መኪናውን ከፊት ጀምረው በዙሪያው አንድ ጊዜ ይዙሩ፤ ያለውን ጭረትና ስርጕድ፣ የመስታወቱን፣ የመብራቱንና የጎማውን ሁኔታ ይመዝግቡ። ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩና የመፍቻው ዕቃ ይቆጠር፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና ገንዘብ በውስጡ አይተው። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ከአራቱም ማዕዘን ፎቶግራፍ ቢያነሣ መልካም ነው። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ያው ዙር ይደገምና ሁለቱም ይፈርሙ። አጣቢው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ የተጻፈው በምስክር ፊት ተነቦለት የጣት አሻራውን ያኑር፤ አንደኛውም ቅጅ ለእርሱ ይሰጠው። ወረቀቱ በሾፌሩ ኪስ የሚቀር ከሆነ ግን ፍሬ የለውም። የመኪና ስምሪት ኃላፊው በየወሩ አመሳክሮ ለመካኒኩ ሊያሳየው ይገባል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ያባክናል የሚሉ አይታጡም። ለሁለቱ ዙር የሚጠፋው ጊዜ ግን ስለ ጠፋ ክሪክ ከሚደረገው የአንድ ቀን ክርክር፣ ወይም በጉም ውስጥ ዳገት ላይ ተበላሽቶ ከመቆም እጅግ ያንሳል። መተማመንን ያጠፋል የሚሉም ይኖራሉ። ነገር ግን በወንጌል የተነገረለት መጋቢ ሒሳቡን አምጣ በተባለ ጊዜ የተጨነቀው ስለ ተጠየቀ ሳይሆን፣ የሚያሳየው ንጹሕ ሒሳብ ስላልነበረው ነው። አደራውን የጠበቀ ሰው መጠየቅን አይፈራም።

እንግዲህ ይህን ሥርዓት መጀመር የሚገባቸው መኪና የተሰጣቸው ሹማምንት ራሳቸው ናቸው። ሹሙ የራሱን መኪና ሳያስመረምር ሾፌሩን ቢያዝ ትእዛዙ ከቃል አያልፍም። መኪና ያላቸው አድባራትና ገዳማትም የንዋየ ቅድሳቱን ርክክብ የሚያውቁ ካህናት ስላሏቸው ለሌላው አርአያ መሆን ይችላሉ። የሕዝብ ገንዘብ የገዛው መኪና ንጽሕናው በቀለሙ ማንጸባረቅ ብቻ አይለካም፤ ሲገባ የነበረው ሁሉ ሲወጣ መገኘቱ፣ የተገኘውም ጉድለት ሳይደበቅ ለጠጋኙ መነገሩ እውነተኛው ንጽሕና ነው።