ስለ ቀዩና ስለ አረንጓዴው ዘይት

የተሰጠንን ንብረት በጥንቃቄ መያዝ ከመልካም መጋቢ የሚጠበቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ልዩ መኪና አያያዝ እንጽፋለን።

የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ፋብሪካ በ1955 እ.ኤ.አ. ዲ ኤስ የተባለውን መኪና ባወጣ ጊዜ፥ በባሌስትራና በሞላ ፈንታ በዘይትና በናይትሮጅን ጋዝ ላይ አሳረፈው። ጋዙ በክብ የብረት ዕቃ ውስጥ ታምቆ የመንገዱን መንገጫገጭ ይቀበላል፤ ዘይቱም በፓምፕ ተገፍቶ መኪናውን ያነሣል፥ ፍሬኑንም ያሠራል።

የመጀመሪያው ዘይት ቀይ ነበረ፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት እየሳበ የውስጡን ብረት ያዝግ ነበር። በዚህም ምክንያት በአውሮፓ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ኤል ኤች ኤም በሚባል አረንጓዴ የማዕድን ዘይት ተተካ። ሁለቱ ከቶ አይቀላቀሉም፤ ለአንዱ የተሠራው ጎሚኒ በሌላው ይበላሻልና። እንግዲህ ዘይት ከመጨመር አስቀድሞ መኪናው የየትኛው ወገን እንደ ሆነ መለየት ይገባል፤ የአረንጓዴው ዕቃዎች በአረንጓዴ ቀለም ይታወቃሉ። ተራ የፍሬን ዘይትም ለእነርሱ አይሆንም።

የዘይቱ ልክ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፥ መኪናውም እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ሳለ ነው። ማጥለያውንም በየጊዜው ማጽዳት ያስፈልጋል። መኪናው እንደ ጋሪ ቢያንገጫግጭ ግን፥ ብዙ ጊዜ የጎደለው ጋዙ ነውና ዘይት መጨመር አይጠቅምም።

ከሁሉ በላይ፥ ግፊቱ ሲያልቅ መኪናው ወደ ምድር ይወርዳል። ስለዚህ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ሳይደገፍ፥ ክሪክን ብቻ አምኖ ማንም ከሥሩ አይግባ። የተበላሸ ጎሚኒ ይለወጣል፤ የቤተሰብ አባት ግን ምትክ የለውም።