የቀርከሃ ቅጠል ለምትታለብ ላም

በአዊ፣ በሲዳማና በጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ቀርከሃ ለአጥር፣ ለቤት፣ ለቅርጫትና ለወንበር ሥራ ማገልገሉን የማያውቅ ሰው የለም። ግንዱ ተመልምሎ ወደ ገበያ ሲጓዝ ግን ቅጠሉ ከነቅርንጫፉ በተቆረጠበት ስፍራ ተጥሎ ይቀራል። በዚያው በበጋ ወራት የግጦሹ ሣር ደርቆ፣ ላሚቱ ገለባ ብቻ እየበላች ወተቷ ይነጥፋል፤ ጥጃዋም ይከሳል። ለከብት የሚሆን ምግብ ከደጅ ወድቆ ሳለ ከብት መራቡ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ላም የበላችውን የሚያብላሉላት በሆድ ዕቃዋ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። እነዚህም በሚገባ እንዲሠሩ በመኖው ውስጥ ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። የገብስና የስንዴ ገለባ ይህን አያሟላም፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ አያልፍም። የደጋው ቀርከሃ ቅጠል ግን በበጋም ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ ፕሮቲኑም ከመቶ 10 እጅ በላይ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ጥቂት ጠውልጎ፣ ተከትፎና ከገለባ ጋር ተደባልቆ ቢሰጣት፣ ገለባውንም ራሱን በደኅና ትበላዋለች። አዲስ መኖ ስለሆነ በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ ያሻል።

ይሁን እንጂ የቀርከሃ ቅጠል ብቻዋን የበላች ላም ወተት ታጎርፋለች ብሎ ገበሬውን ማታለል አይገባም። ቅጠሉ ሻካራና ጭረት የበዛበት ነው፤ ፋጉሎንና ፍሩሽካን ሊተካ አይችልም። የሚረዳው ገለባውን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ለራሱ ለቀርከሃው ነው። ቅጠሉ ይጠቅማል ሲባል የሰማ ሁሉ ከብቱን ወደ ቀርከሃው ቢነዳ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በክረምት ከመሬት ብቅ የሚለው ቡቃያ በከብት ከተበላ ወይም ከተረገጠ ዳግመኛ አያድግም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሸጥ የነበረው ግንድ ገና በጨቅላነቱ ጠፋ ማለት ነው። ጥሬው ቡቃያ ደግሞ መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ለላሚቱም አይበጅም። እንግዲህ ቅጠሉ ወደ ላሚቱ ይምጣ እንጂ ላሚቱ ወደ ቅጠሉ አትሂድ። የሚወሰደውም ሦስት ዓመት ሞልቶት ለገበያ ከተቆረጠው ግንድ ላይ ነው፤ ለጋውን ግንድ ለቅጠሉ ሲሉ መቁረጥ የነገውን ገንዘብ ዛሬ ለከብት ማብላት ነው።

የእርሻ ባለሙያዎች ስለ ቀርከሃ ሲያስተምሩ ስለ ግንዱ ብቻ መናገራቸው ትምህርቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። ወተትና ቀርከሃ በአንድ ገበሬ ጓሮ እያሉ፣ የከብት ባለሙያውና የደን ባለሙያው ለየብቻ የሚመጡበት ምክንያት አይታይም። ሁለቱ አብረው ቢመጡ ግንድ በሚቆረጥበት ሰሞን ቅጠሉን በጥላ አድርቆ ማኖርን በአንድ ቀን ሊያሳዩ ይችላሉ። ቀርከሃ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድነት አብቦ የሚደርቅ ተክል መሆኑም አብሮ ይነገር፤ መኖውን ሁሉ በእርሱ ላይ ያቆመ ገበሬ በዚያን ዓመት ባዶ እጁን ይቀራልና በአጥሩ ዙሪያ ትሪሉሰርን ቢተክል ይሻለዋል።